ጅብ ያዘዘው መድኃኒት

አንድ ጊዜ በቆላ አገር ዝናብ ጨርሶ የቀረበት ዓመት ነበር። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ብቻ ተንጣሎ ቀረ። የግራሩ ቅጠል ረገፈ፣ ጥላውም አብሮ ጠፋ። እንስሳት ሁሉ የሚጠጡት ከአንዲት ኩሬ ነበር። እሷም ብትሆን ከቀን ወደ ቀን እየጠበበች፣ አላፊ አግዳሚው እየረገጣትና እያቆሸሻት፣ ውሃነቷ ቀርቶ ጭቃ ለመሆን ተቃርባ ነበር።

በዚያ አገር አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ድሮ ከጨው ነጋዴዎች ጋር አሞሌ ስትጭን ኖራ፣ አንድ ቀን ጭነቷን ቁልቋል ሥር አራግፋ የጠፋች ናት። አህያ ፈሪ ናት የሚሉ ሰዎች እሷን ስላላወቋት ነው። ነጋዴዎቹ የወለደቻቸውን ውርንጭላዎች ሁሉ ገና ከጡት ሳይወጡ ሸጠውባታል። በጫካ የወለደችው ግን አንድ ብቻ፣ ዳልቻ የሚባል ገና የሚጠባ ልጅ ነበራት። ይህን ልጅ ማንም አይወስድብኝም ብላ ቆርጣለች። ዳልቻ ሲያነጥስ እንኳ የእሷ ልብ ድንግጥ ይል ነበር።

ዳልቻ ግን ልጅ ነውና የእናቱ ሐሳብ አይገባውም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሲቦርቅ ውሎ፣ ጥሙ ሲብስበት እናቱን ሳያስፈቅድ ወደ ኩሬዋ ሮጠ። ከብቶች የቆሙበትን፣ ዝንብ የሰፈረበትን ውሃ እስኪጠግብ ጠጣ። በማግስቱ ተቅማጥ ያዘው። ጠዋት ሲሮጥ የነበረው ውርንጭላ ወደ ማታ እግሩ እየተሳሰረ ከእናቱ ጎን ተኛ።

ይህን ሁሉ ከኮረብታው ላይ ሆነው የሚያዩ ሁለት ፍጥረታት ነበሩ፤ ጅብና ቀበሮ። ጅብ ውርንጭላውን ገና ሲያየው ለሃጩ ተዝረከረከ። ነገር ግን ዘሎ ለመያዝ አልደፈረም። ባለፈው ክረምት ከእናትየዋ ኮቴ ጋር ተገናኝቶ የፊት ጥርሶቹን እዚያው ትቶ ተመልሷልና።

«አያ ጅቦ፣ ኮቴዋን ከፈራህ ለምን ትጣላታለህ?» አለው ቀበሮ። «ልጇን ራሷ ትግደልልህ።»

ጅብ ይህ እንዴት እንደሚሆን አልገባውም። ወትሮም ወደ ጅብ ራስ ነገር ቶሎ አይገባም፤ ቶሎ የሚገባው ወደ ሆዱ ነው። ቀበሮ ታግሶ አስረዳው። ተቅማጥ የያዘው ሁሉ ከሰውነቱ ውሃ እየወጣበት ነው፣ የወጣው ካልተተካ ደግሞ ይደርቃል፣ በዚህ ሙቀት ላይ ሲሆን ብዙም አይቆይም አለው። ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናትየዋ ልጇን ውሃ እንድትከለክለው ማሳመን። ቀበሮ ለምክሩ ዋጋ የጠየቀው የውርንጭላውን ጉበት ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ የጅብ ሊሆን ተስማሙ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጅብ የደረቀ ሥር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መድኃኒት አዋቂ መስሎ ወደ አህያዋ መጣ። አህያዋ ስታየው ጀርባዋን አዞረችለት፤ አክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ ኮቴዋ ወደ እሱ እንዲሆን ነው። ጅብ ራቅ ብሎ ቆመና እግዜር ይማረው አለ። ሳል ሳል አደረገ። ከሰባት ቤት ሥር ማሽ እንደሚወለድ፣ አባቱም አያቱም የሆድ በሽታ ያድኑ እንደነበር አወራ።

አህያዋ ሌላ ጊዜ ቢሆን በእርግጫ ትመልሰው ነበር። የታመመ ልጅ ያላት እናት ግን ጆሮዋ ለሁሉ ክፍት ነው።

«ምን ይሻለዋል ይላሉ፣ አያ ጅቦ?» አለችው አንገቷን ዘንበል አድርጋ።

«እህቴ፣ የሚያፈስ እንስራ ላይ ውሃ ይጨመራል? አይጨመርም። ልጅሽም ውሃ በጠጣ ቁጥር በኋላው ነው የሚወጣው። ውሃውን ከልክዪው። ጡትም ያው ውሃ ነውና እሱንም ከልክዪው። ሆዱ ይደርቅና ተቅማጡ ይቆማል።» ጅብ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ዓይኑ የዳልቻ ጭን ላይ አረፈና፣ «ብቻ እንዳይከሳ አደራ» ብሎ ምራቁን ዋጠ። አህያዋ ከሐዘን የተነሳ መሰላት።

በአህያዋ ለመሳቅ የሚቸኩል ካለ ትንሽ ይቆይ። ምክሩን ያመጣው ጅብ ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አልነበረም። የአህያዋ እናትም እንዲሁ ትል ነበር፣ የጨው ነጋዴዎቹም ሆዱ የሄደበትን በቅሎ ከውሃ ሲያርቁ አይታለች። አገር ሁሉ የሚለውን ነገር አንዲት እናት በየት በኩል ትጠራጠረው? ይልቁንም ጅብ እንኳ ይህንኑ ካለ እውነት ነው ብላ አሰበች። ውሸት ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው ከዚህ በፊት በሰማነው ነገር ላይ ተጭኖ ሲመጣ ነው።

አህያዋ በቃሏ ጸናች። ዳልቻ ወደ ጡቷ ሲመጣ ዞራ ትቆማለች፣ እንደገና ሲመጣ እንደገና ትዞራለች። ወተቱ ሞልቶ ጡቷ ሲያማት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ልጄ ውሃ እየለመነ እንዴት እኔ እጠጣለሁ ብላ ራሷም ወደ ኩሬዋ መሄድ ተወች። እንዲያ እያለ ወተቷም መንጠፍ ጀመረ።

ዳልቻ መጀመሪያ ውሃ ውሃ ይል ነበር። ቀጥሎ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ መናገር አቃተው። ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ከዚያም ጨርሶ ቀረ። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲያለቅስ ድምፁ ይሰማል እንጂ እንባ አይወርደውም። እናቱ በከንፈሯ የአንገቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ቆዳው እንደ ቆመ ቀረና ቀስ እያለ ተመለሰ። ተቅማጡ ግን ቀነሰ። አህያዋ መድኃኒቱ ሠራ ብላ ተስፋ አደረገች። የቀነሰው የሚወጣ ነገር ስላለቀ መሆኑን ማን ይንገራት?

ጅብም በበኩሉ ሥራ ላይ ነበር። ጅብ ቀን ቀን ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ሌሊት የሚወጣ ፍጥረት እንደሆነ ይታወቃል። ይሄኛው ግን ውርንጭላው ሲሞት ቀበሮ ይቀድመኛል ብሎ ስለሰጋ፣ በጠራራ ፀሐይ ገላጣ ቋጥኝ ላይ ተጎልቶ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። ሲርበው ነጋዴዎች የጣሉትን አሮጌ የጨው ስልቻ አግኝቶ ቅርጥፍ አድርጎ በላው። ጨውና ፀሐይ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ ለሌላው ግልጽ ነው። ጅብ ያለከልካል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ከቋጥኙ ግን አይወርድም።

ቀበሮ ጠዋት ጠዋት ኩሬዋ ከመረገጧ በፊት ደርሶ ጠጥቶ፣ አፉ እንደረጠበ እየመጣ ይጎበኘዋል። አንድ ቀን ጅብ አቤቱታ አቀረበለት።

«ወንድሜ፣ ውርንጭላው እየከሳ ነው። ያን ጊዜ ሥጋ ነበረው፣ አሁን ቆዳና አጥንት ሆነ። ይህ ያንተ መድኃኒት እኮ የእኔን ምግብ እየበላብኝ ነው።»

«ቋንጣ አትወድም እንዴ?» አለው ቀበሮ።

ጅብ አሰበበት። እንደሚወድ ትዝ ሲለው አቤቱታውን ተወ። ቀበሮ ለአፍታ ወርዶ ውሃ ቀምሶ እንዲመለስ ቢመክረው፣ ጅብ አየሁህ በሚል ዓይን ተመለከተው። እኔ ስሄድ እሱ ሊበላ ነው ብሎ ጠረጠረ። ጅብ ብልህ ሆንኩ ብሎ ያሰበው በሕይወቱ ያን ጊዜ ብቻ ነበር፣ ያም ሳይሆን ቀረ።

በዚያው ቀን አህያዋን ራሷን አዞራት። እኔ ከወደቅሁ ልጄን ማን ይጠብቀዋል ብላ፣ እያፈረች፣ ወደ ኩሬዋ ሄዳ ከዳር ከዳሩ ጥቂት ጠጣች። ስትመለስ ዳልቻ በተኛበት ዓይኑን ከፈተ። አገጯ ላይ የቀረውን ጠብታ አይቶ አንገቱን አነሳና ላሰው። ከንፈሯን ላሰ፣ የአገጯን ፀጉር አንድ በአንድ ጠባ። ሲሞት የሰነበተው ልጅ ለትንሽ ጊዜ ጆሮዎቹ ቆሙ።

አህያዋ እነዚያን ጆሮዎች እያየች ቆመች። ጠብታዋ ጆሮ ካቆመች ጉንጭ ሙሉ ውሃ ምን ሊያደርግ ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ የጅብን ነገር እንደገና አሰበችው።

«እንስራው የሚያፈስ ከሆነማ፣» አለች፣ «ካልጨመርኩበት ባዶ ሊቀር አይደል?»

ንዴትና ጸጸት አንድ ላይ አንገበገቧት። ልጄን በገዛ እጄ ልገድለው ነበር ብላ አለቀሰች። ግን ለቅሶው ረጅም አልነበረም፣ የምታለቅስበት ጊዜ አልነበራትምና። ወደ ኩሬዋ ልውሰደው ብትል በሽታው የመጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ የቀረ መንገድ አንድ ነው። አህዮች ከጥንት የሚያውቁት ነገር አለ፤ የደረቀ ወንዝ ላይ ላዩን ይደርቃል እንጂ ከሥሩ ውሃ አይጠፋም። ልጇን በአፏ እየገፋች፣ ሲወድቅ እያነሳች፣ ወደ ወንዙ ወረደች። ገደሉ ጥላ የጣለበት ቦታ አስተኛችውና አሸዋውን እያሸተተች ዞረች። ቀዝቀዝ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ በፊት ኮቴዋ መቆፈር ጀመረች።

አሸዋ ሲቆፍሩት ይመለሳል። አንድ ክንድ ስትቆፍር ግማሹ ይናዳል። የተናደውን አውጥታ ደግሞ ትቆፍራለች። ከአሸዋው ሥር ኮረት አገኘች፣ ኮረቱ ኮቴዋን ሰነጠቀው። ደሟ ሲፈስ አየችና እግር ቀየረች እንጂ አላቆመችም። አሞሌ ተሸክማ ገደል ስትወጣ የኖረችው ለሰው ነበር። ለልጇ ጉድጓድ መቆፈር ይበዛባታል?

ጅብ ከቋጥኙ ላይ ይህን ሲያይ ደነገጠ። ምግቡ ሊያመልጠው ነው። እየተንገዳገደ ወረደ፤ መሬቱ የሚዞር መሰለው፣ አንዱ ድንጋይ ሁለት ሆኖ ታየው። ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሶ በደረቀ ጉሮሮው ጮኸባት። ያዘዘላትን መድኃኒት ካፈረሰች ልጇ ዛሬውኑ እንደሚሞት ነገራት።

አህያዋ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ማለት ቀረ።

«አንተ ጅብ፣ ልጄ ከሞተ ጠጥቶ ይሙት። እዚህ ከወረድክ ግን ቀድመኸው የምትሞተው አንተ ነህ።»

ጅብ ልውረድ ብሎ አንድ እግሩን አነሳ። ባቱን ቁርጠት ያዘውና እየተንከባለለ አሸዋው ላይ ወድቆ እዚያው ቀረ። አህያዋ ዞራም አላየችው፤ ከኮቴዋ ሥር ያለው አሸዋ ጠቁሮ ነበርና። ትንሽ ስትጨምር ረጠበ፣ ትንሽ ስትጨምር ከጉድጓዱ ሥር ውሃ መንጭቶ የኮቴዋን ዱካ ሞላው። ጥቂት ነው፣ ግን ጥሩ ነው። ውሃው እስኪጠራ ታግሳ ልጇን አቀረበችው።

ዳልቻ አፉን ነክሮ በአንድ ትንፋሽ ጎነጨው፣ ወዲያው አስታወከው። አህያዋ ልቧ ቢቆረጥም ተስፋዋ አልተቆረጠም። የደረቀ ሆድ ብዙ እንደማይችል ገባት። ከዚያ በኋላ አንድ ጉንጭ ትሰጠዋለች፣ አንገቷን በመሃል አስገብታ ትከለክለዋለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንድ ጉንጭ ትሰጠዋለች። ሲያስታውክ ታሳርፈውና እንደገና ትጀምራለች። ላብና ተቅማጥ ጨውንም ይዘው እንደሚሄዱ ከጨው መንገድ ታውቅ ነበርና፣ ከገደሉ ሥር ቦሌ፣ ያን ከብት የሚልሰውን ጨዋማ አፈር፣ በምላሷ እያመጣች በጥቂቱ አስላሰችው። በየመሃሉም ራሷ ጠጣች፤ እናት ካልጠጣች ወተት ከየት ይመጣል? ወተቱ ጠብ ሲል ጡቷን ሰጠችው።

ሲነጋ ዳልቻ ተነስቶ ቆመ። እግሮቹን ከፈት አድርጎ ሸና፤ ረጅም፣ የጠራ ሽንት። አህያዋ በሕይወቷ ብዙ ነገር አይታለች፣ እንደዚያ ያስደሰታት ግን የለም። ልጇን ከራስ እስከ ጅራት ላሰችው። ልጄን አገኘሁት፣ ልጄን አገኘሁት እያለች አናፋች፤ ገደሉ አስተጋባ።

በዚህ መሃል ቀበሮ እንደ ልማዱ አፉ ረጥቦ ደረሰ። ውርንጭላው ቆሞ ሲያየው ጉበቱን እርም አለ። ቀጥሎ አሸዋው ላይ የተዘረረውን ጅብ አየና ሒሳቡን ቀየረ። ጅብ ዓይኖቹ ጎድጉደው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተኝቷል። ጉድጓዱ ያለው ከአፍንጫው ፊት ለፊት ነው። ጅብ ውሃውን እያየ ቀበሮን ደግፎ እንዲያደርሰው ለመነው።

«ምን ነካህ፣ አያ ጅቦ?» አለው ቀበሮ በሐዘን ድምፅ። «አንተ ራስህ አዋቂ አይደለህም? እንዲህ የደከመ ሰውነት ውሃ ሲነካው ልብ ቀጥ ይላል። ዝም ብለህ ተኛ፣ ይሻልሃል።»

አህያዋ ይህን ሰማች። ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። ግን እንስሳ ሲደርቅ ምን እንደሚመስል ልጇ ላይ አይታዋለች፣ ሁለተኛ ማየት አልፈለገችም። ልጇን ወደ ኋላ አድርጋ ከጉድጓዱ ፈቀቅ አለች።

«ይዋሽሃል፣» አለችው። «ና ጠጣ። ቀስ ብለህ፣ ትንሽ ትንሽ።»

ጅብ አንገቱን አነሳ። አንዴ ቀበሮን፣ አንዴ አህያዋን አየ። በዚያች በደረቀች ጭንቅላቱ ነገሩን ለማብላላት ደከመ። እሱ የዚችን አህያ ልጅ ሊያስገድል መጥቶ ነበር። ታዲያ እሷ ለምን ደግ ትመክረዋለች? በእሷ ቦታ እሱ ቢሆን እውነቱን ይናገር ነበር? አይናገርም። እንግዲያው እሷም እየዋሸችው ነው ማለት ነው።

«አታታልይኝም፣» አለ ምላሱ እየተሳሰረ። «ልጅሽን ልበላ እንደነበር አውቀሻል። ሞቴን ባትፈልጊ ኖሮ ጠጣ አትይኝም ነበር።»

«ልጄ በምን እንደዳነ አይተሃል፣» አለችው። «ከዚህ በላይ የምነግርህ የለኝም።»

ጅብ አፉን ገጥሞ ራሱን እጆቹ ላይ አስቀመጠ። አህያዋ ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ልጇን አስከትላ ጥላ ፍለጋ ሄደች፤ ጉድጓዱን ግን አልደፈነችውም። ፀሐይ ከፍ ስትል ጅብ ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ታየው፣ ነገር ግን ይህም ማታለያ ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ጥቂት ቢሳብ በሚደርስበት ውሃ አጠገብ፣ ጠጣ ያለችውን ሳያምን ሞተ።

ከዚህ የምንማረው ተቅማጥ የያዘውንም ሆነ ፀሐይ ያደከመውን የሚገድለው በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው ንጹሕ ውሃ ሳይሆን ውሃ መከልከሉ መሆኑን፣ ሌላውን በውሸት ለመግደል የተነሳም እውነት ደጁ ድረስ መጥታ ስትጠራው ማመን እንደሚያቅተው ነው።